ፍላንደርስ እና ስዋን፦ ከየትኛው ሸክላ ይጀመር?

ባለፒያኖው፦

ሰላም ቤተሰብ። እዚህ ቤት ስለ ሙዚቃዊ ኮሜዲ በተነሳ ቁጥር ወሬው ቀልዱ ላይ ያልቃል። ዜማውን የሚያነሳው የለም። ስለዚህ ዛሬ ቀልዱም ዜማውም እኩል የተለፋበት ሥራ ያላቸውን ሰዎች ይዤ መጥቻለሁ፦ ማይክል ፍላንደርስ እና ዶናልድ ስዋን። ከብሪታኒያ ናቸው። ፍላንደርስ ግጥሙን ይጽፋል፣ ስዋን ዜማውን ይደርሳል፣ ፒያኖውን ስዋን ይጫወታል፣ ሁለቱም ይዘፍናሉ። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

የተዋወቁት ለንደን፣ ዌስትሚንስተር ትምህርት ቤት ነው። በ1940 አብረው የተማሪ ትርኢት አዘጋጁ። ከዚያ ጦርነቱ በየፊናቸው በተናቸው። በ1948 እንደገና ተገናኙና ለሌሎች ሰዎች ዘፈን መጻፍ ጀመሩ። ጆይስ ግሬንፌል ዘፍናላቸዋለች። ኢያን ዋላስ ደግሞ የጉማሬውን ዘፈን ዕድሜ ልኩን መለያው አድርጎት ኖረ።

ራሳቸው ትኬት አስቆርጠው መድረክ ላይ የወጡት በ1956 የመጨረሻ ማታ፣ ዲሴምበር 31 ነው። ኖቲንግ ሂል ያለ፣ ኒው ሊንዚ የሚባል ትንሽ ቲያትር ቤት ውስጥ። ትርኢቱ «አት ዘ ድሮፕ ኦፍ ኤ ሃት» ይባላል። በወሩ ወደ ፎርቹን ቲያትር ተዛወረ። እዚያ ከሁለት ዓመት በላይ ታየ። በ1959 ብሮድዌይ ገባ። ሁለተኛው ትርኢት፣ «አት ዘ ድሮፕ ኦፍ አናዘር ሃት»፣ በ1963 ሄይማርኬት ቲያትር ተከፈተ። ከ1956 እስከ 1967 ወደ 2,000 ጊዜ መድረክ ላይ ወጥተዋል። መድረኩ ላይ ደግሞ ምንም የለም ማለት ይቻላል። ፒያኖ፣ የቁም መብራት፣ ፍላንደርስ የተቀመጠበት ዊልቸር።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። እነዚህን ሰዎች ዩቲዩብ ላይ ዘፈን ዘፈኑን ብቻ እየመረጣችሁ አትስሙ። ከዘፈኖቹ በፊት ፍላንደርስ የሚያወራው ወሬ የሥራው ግማሽ ነው። እሱ ያዋዛል፣ ያዘናጋል፣ ከዚያ ፒያኖው ይገባል። ወሬውን ቆርጣችሁ ዘፈኑን ብቻ ብትሰሙ ጥሩ ዘፈን ትሰማላችሁ። ከነወሬው ስትሰሙ ግን ቲያትር ቤት ገብታችኋል።

ለማሳያ ስለ ጋዝ ሠራተኛው የሚተርከውን ዘፈን ልንገራችሁ። ሰኞ የጋዝ መክፈቻው እምቢ ይላል። ጋዝ ሠራተኛው ይመጣና ቧንቧውን ፍለጋ የቤቱን ዞኮሎ ሁሉ ይነቅላል። ማክሰኞ አናጢው ዞኮሎውን ሲመታ ሚስማሩ የኤሌክትሪክ ገመድ ይበሳል፣ መብራት ይጠፋል። ረቡዕ ኤሌክትሪሻኑ ፊውዙ ጋ ለመድረስ ቆሻሻ መጣያ ላይ ሲወጣ እግሩ መስኮቱን ጥሶ ይወጣል። ሐሙስ መስታወት ገጣሚ። ዓርብ ቀለም ቀቢ። ቀለም ቀቢው ሲጨርስ የጋዝ መክፈቻውንም አብሮ ቀብቶት ሄዷል፣ አይዞርም። ቅዳሜና እሑድ ሠራተኛ የለም። ሰኞ ጋዝ ሠራተኛው ይጠራል። ይህን ሁሉ የሚናገረው ሰው አንዴም አይጮህም። ዜማውም እንደ ሕፃናት መዝሙር ዝም ብሎ ይዞራል። ቤት ያሠራ ሰው ሁሉ ይህንን ዘፈን ያውቀዋል፣ ሰምቶት ባያውቅም።

እስቲ የምታውቁ ጨምሩበት። ለጀማሪ የትኛውን ቅጂ ትመክራላችሁ?

ሄለን ዘለንደን፦

ባለፒያኖው ተባረክ። ዊልቸሩን ግን እንደዋዛ አለፍከው። እኔ እዚያ ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ።

ፍላንደርስ ባሕር ኃይል እያለ፣ በ1943፣ ፖሊዮ ያዘው። ገና ሃያ አንድ ዓመቱ ነበር። ከዚያ በኋላ እስኪሞት ዊልቸር ላይ ነው። ባሕር ኃይል ከመግባቱ በፊት ኦክስፎርድ ክራይስት ቸርች ይማር ነበር። ተመልሼ ልጨርስ ሲል አልፈቀዱለትም። ሕልሙ ተዋናይ መሆን ነበር። በዚያ ዘመን ዊልቸር ላይ ላለ ተዋናይ ማን ሚና ይሰጣል? ስለዚህ ድምፁን ይዞ ወደ ሬዲዮ ሄደ፣ ግጥም ጻፈ፣ በኋላ ደግሞ ራሱ ደራሲ ራሱ ተዋናይ የሆነበትን መድረክ ፈጠረ።

ታናሽ ወንድሜ በዊልቸር ነው የሚንቀሳቀሰው። አብረን ቲያትር ለመግባት ስናስብ መጀመሪያ የምናጣራው የትርኢቱን ስም ሳይሆን ደረጃውን ነው። ስንት ቦታ ከኋላ በር፣ በዕቃ መግቢያ አስገብተውናል። ፍላንደርስ በቲያትር ቤቶችና በሕዝብ መገልገያ ቦታዎች አካል ጉዳተኛ በክብር እንዲገባ ሲከራከር የኖረ ሰው ነው። ስለዚህ መድረክ ላይ ያቺ ዊልቸር ጎማዋ እየዞረ ስትገባ ዕቃ አይደለችም። ሰውዬው እንዲያለቅሱለት አይፈልግም። በአንድ ማታ ውስጥ ስለ እግሩ ከሚያወራው ስለ አውቶቡስ የሚያወራው ይበልጣል።

የአውቶቡሱን ዘፈን ያልሰማችሁ ስሙት። የመጀመሪያው ትርኢት መክፈቻ ነው። ስለ ቀዩ የለንደን ባለ ፎቅ አውቶቡስ፣ በሾፌሮቹ አንደበት። የሞተሩን የፈረስ ጉልበት ሳይቀር፣ 97፣ በአዝማቹ ውስጥ አስገብተውታል። እኔ በየቀኑ የምሳፈረውን ነገር እንዲህ አክብሮ የዘፈነለት ሰው አላየሁም።

ጋሽ ሸክላ፦

ልጆቼ፣ ስለ ቅጂዎቹ ለእኔ ተዉልኝ።

የመጀመሪያው ትርኢት ሸክላ በአንድ ስም ሁለት ነው። ሞኖው (በአንድ የድምፅ መስመር የሚሰማው) የተቀዳው በ1957 መጀመሪያ፣ ፎርቹን ከገቡ ብዙም ሳይቆዩ ነው። ስቴሪዮው (በሁለት መስመር የሚሰማው) የተቀዳው ፎርቹን በተሰናበቱበት ማታ፣ ሜይ 2 ቀን 1959 ነው። ብዙ ሰው አንዱ የሌላው ግልባጭ ይመስለዋል። አይደለም። ሁለት የተለያየ ማታ፣ ሁለት የተለያየ ታዳሚ ነው። በሞኖው ላይ ሰዎቹ ገና ታዳሚውን እየለመዱት ነው። በስቴሪዮው ላይ ታዳሚው የሚመጣውን ያውቃል። ፍላንደርስ አፉን ሳይከፍት ሳቁ ይጀምራል። እኔ ሞኖውን እመርጣለሁ። ገና ያልተለመደ ቀልድ ሲፈነዳ መስማት ሌላ ነገር ነው።

ያሳተመው ፓርሎፎን የሚባል የሸክላ ኩባንያ ነው። ፕሮዲዩሰሩ ጆርጅ ማርቲን። አዎ፣ በኋላ በ1962 ቢትልስን የተቀበለው ያው ሰውዬ። ከቢትልስ በፊት ፓርሎፎን በኮሜዲ ነበር የሚታወቀው፣ የኮሜዲያኑን የፒተር ሴለርስንም ሸክላ የሠራው ማርቲን ነው። ዝናው ከቢትልስ ጋር ይነሳል እንጂ ጆሮውን የሳለው እዚህ ነው። የቲያትር ቤት ሳቅ ከፒያኖ ጋር ሳይደበላለቅ፣ የዘፋኙ ቃል ሳይዋጥ መቅዳት ቀላል እንዳይመስላችሁ። አንዲት ቃል ካመለጠችህ ቀልዱ ሞተ። በእነዚህ ሸክላዎች ላይ አንዲት ቃል አታመልጥም።

አንድ ነገር ልጨምር። በመጀመሪያው ሸክላ ላይ ስለ ድምፅ ማጫወቻ ዕቃ የሚያብድ ሰው ዘፈን አለ። ሰውዬው ምርጥ የተባለውን መሣሪያ ሁሉ ገዝቷል። ሙዚቃው ራሱ ግን ግድ አይሰጠውም። ይህንን በ1957 ነው የዘፈኑት። በዚህ የሸክላ ክፍል ስለ መርፌና ስለ ገመድ ስንጨቃጨቅ ለምናመሽ ሰዎች የግድ የሚሰማ ነው።

ናቲ፦

ጋሼ፣ ባለፒያኖው፣ በጣም አመሰግናለሁ። እኔ ግን ሳቅና ጭብጨባ ያለበት ቅጂ ይረብሸኛል። የሰው ሳቅ መቼ መሳቅ እንዳለብኝ የሚነግረኝ ይመስለኛል። ለዚህ ነው የ1961ዱን የእንስሳት አልበም፣ «ዘ ቤስቲያሪ ኦፍ ፍላንደርስ ኤንድ ስዋን»ን የምመርጠው። ስቱዲዮ ነው፣ ንጹሕ ነው። ዜማው ወለል ብሎ ይሰማል።

የአርማዲሎው (ቅርፊት ለባሽ እንስሳ ነው) ዘፈን ገደለኝ። አርማዲሎው ሜዳ ላይ ተጥሎ ለቀረ ታንክ የፍቅር ዘፈን ይዘፍናል። እሱም ጥሩር ለብሷል፣ እሷም ጥሩር ለብሳለች፣ ምን ጎደለ? ታንክ ናትና መልስ አትሰጥም። ዜማው ደግሞ የምር የፍቅር ዜማ ነው፣ ቃሉን ለማያውቅ ሰው ብታሰማው ልቡ ይነካል። እና ደግሞ ከርከሮዋ። ዳንስ ቤት ተኳኩላ ሄዳ ማንም ሳያስነሳት ጥግ ላይ ተቀምጣ።

ባለፒያኖው፦

ናቲ፣ የአርማዲሎውን ነገር በደንብ ነው ያየኸው። ስዋን ዜማውን በጭራሽ አያሾፍበትም። ብዙ የኮሜዲ ዘፋኞች ዜማውንም ያስቃሉ። ፒያኖው ይወላገዳል፣ ድምፁ ይቀጥናል፣ «ሳቁ እንጂ» ይላል። ስዋን ያንን አያደርግም። ለታንክ የሚዘፈነውን ዘፈን ለሰው እንደሚዘፈን አድርጎ ነው የሚደርሰው። ኀዘኑ ከዚያ ይመጣል።

ስለ ሳቁ ግን አልስማማም። እነዚህ ሰዎች ታዳሚውን እንደ ሦስተኛ መሣሪያ ነው የሚጫወቱበት። ፍላንደርስ አንዳንዴ ቃሉን አዘግይቶ ሳቁን ይጠብቀዋል፣ አንዳንዴ ሳቁ ሳያልቅ ረግጦት ያልፋል። ጉማሬው ላይ ደርሶ ሕዝቡ አዝማቹን ሲቀበል ስማው። አርማዲሎውንም ከመድረክ የተቀዳ ታገኘዋለህ። ሁለቱን አስተያይና ንገረኝ።

ደግሞ «ኢል ዊንድ» የሚለውን ያለ ታዳሚ አስበው። የሞዛርት አራተኛው የሆርን (የመለከት) ኮንሰርቶ አለ አይደል? ፍላንደርስ የመጨረሻውን ክፍል ሙሉውን በቃላት ሞልቶ በዚያ ፍጥነት ይዘፍነዋል። ስለ ምን? ሆርን ገዝቶ ሊለማመድ ሲል ሆርኑ ስለጠፋበት ሰውዬ። የሞዛርት እያንዳንዷ ኖታ ላይ አንድ ቃል ተቀምጧል፣ ቤቱም ይመታል። ትንፋሹን የት እንደሚስብ እስካሁን አልገባኝም። እዚያ መሀል የሚሰማው የሰው ሳቅ ግማሹ አድናቆት ነው።

መምህር ዘፊዚክስ፦

እኔ ከሙዚቃ ሰው አይደለሁም። ከእነዚህ ሰዎች የማውቀው የቴርሞዳይናሚክስን (የሙቀትና የኃይል ሳይንስን) አንደኛና ሁለተኛ ሕግ የዘፈኑትን ብቻ ነው። ክፍል ውስጥ እጠቀምበታለሁ።

መነሻው እንዲህ ነው። ሲ. ፒ. ስኖው የሚባል ሳይንቲስትም ደራሲም የሆነ ሰው በ1959 ኬምብሪጅ ላይ ንግግር አደረገ። የሥነ ጽሑፍ ምሁራን ሁለተኛውን የቴርሞዳይናሚክስ ሕግ ንገሩኝ ሲባሉ አያውቁትም፣ ይህ ደግሞ ሼክስፒርን አንብበህ ታውቃለህ ወይ ከመባል እኩል ነው አለ። ፍላንደርስና ስዋን ይህን ሰምተው «እሺ፣ እንግዲያው እናስተምራችሁ» አሉ። ጃዝ በመሰለ ዜማ ሙቀት ከቀዝቃዛ ወደ ሙቅ በራሱ እንደማይሄድ እየተቀባበሉ ይዘፍናሉ።

ደስ የሚለኝ ፊዚክሱ ትክክል መሆኑ ነው። ቀልድ ነው ብለው አላጣመሙትም። ሙቀት ሥራ ነው፣ ሥራም ሙቀት ነው ይላሉ፣ ልክ ነው። መጨረሻው ላይ ሁሉም ነገር እኩል ሙቀት ላይ ደርሶ ሥራ ሁሉ ሲቆም ዘፈኑም አብሮ ያርፋል። ኢንትሮፒን በዚህ አጭር ጊዜ ከዚህ የተሻለ ያስረዳ መጽሐፍ አላጋጠመኝም። ተማሪዎቼ ፈተና ላይ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አያለሁ።

የድሬ ልጅ፦

እንዴት ነው ስለ ባቡሩ ዘፈን ማንም ያላነሳው? ይህ ክር ያለ «ስሎው ትሬን» አይሞላም።

በማርች 1963 የእንግሊዝ ባቡር ድርጅት ኃላፊ፣ ዶክተር ቢቺንግ፣ አንድ ሪፖርት አወጣ። 2,363 ጣቢያ ይዘጋ አለ። አብዛኞቹ የገጠር ጣቢያዎች ናቸው። ፍላንደርስና ስዋን በዚያው ዓመት ይህን ዘፈን ሠሩ። ቀልድ የለበትም። ግጥሙ ባብዛኛው የጣቢያ ስም ነው። ስም፣ ስም፣ ስም፣ በባቡር ጎማ ምት። ፒያኖው ይሄዳል፣ ይሄዳል፣ ከዚያ እየቀዘቀዘ ይቆማል። ሲስቅ ያመሸ ሕዝብ ድንገት ጸጥ ሲል ቅጂው ላይ ይሰማችኋል። ከዘፈኑ በፊት ፍላንደርስ ቅድም ሲያዋዛ ከነበረበት ድምፁ ብዙም ሳይለወጥ ነው ወደዚያ የሚያስገባችሁ። ባለፒያኖው ወሬውን አትዝለሉ ያለው ለዚህ ነው።

ሁሉም አልተዘጉም እንግዲህ። ቸስተር ለ ስትሪት እና ፎርምቢ ዛሬም ባቡር ይቆምባቸዋል። እኔ የባቡር ሠራተኛ ልጅ ነኝ። ኤረር፣ አፍደም፣ ሚኤሶ፣ አዋሽ፣ መተሐራ እየተባለ ሲጠራ ነው ያደግኩት። የጣቢያ ስም ዝርዝር ሰውን እንዴት እንደሚያስለቅስ ለእኔ ማስረዳት አያስፈልግም።

ማሂ፦

ክሩን ወድጄዋለሁ። ግን ሁሉንም ማር ብቻ አታድርጉት።

«ማዴራ ማዲር» የሚባለው አለ። ሽማግሌው ሰውዬ ወጣቷን ልጅ ወይን እያጠጣ ሊያታልላት የሚሞክርበት። ግጥሙ የተካነ ሰው ሥራ ነው፣ አልክድም። እኔ ግን እየሳቅኩ ልሰማው አልቻልኩም። ሰው በላዎቹ ያሉበትም አለ፣ «ዘ ሪላክታንት ካኒባል»። አቀራረቡና ከበሮው ስለ ሌላው ዓለም ሕዝብ የዚያን ዘመን እንግሊዝ አስተሳሰብ ይዞ የመጣ ነው። ይህንን ሳይናገሩ ለጀማሪ መምከር ልክ አይመስለኝም።

በሌላ በኩል «ሚስአሊያንስ»ን የጻፉት እነዚሁ ሰዎች ናቸው። ሁለት የሐረግ ተክሎች ይፋቀራሉ። አንዷ ወደ ቀኝ እየተጠመጠመች ትወጣለች፣ ሌላው ወደ ግራ። ቤተሰብ «ከእኛ ወገን አይደለም፣ ልጃችሁስ ወዴት ሊጠመጠም ነው?» ብሎ ያግዳቸዋል። ተስፋ ቆርጠው ሥራቸውን ነቅለው ይደርቃሉ። በሰርግ ምክንያት ሽማግሌ ሲመላለስ ያየ ሰው ይህን ሲሰማ ሳቁ ጉሮሮው ላይ ይቀራል። ዕፅዋት ናቸው የተባሉት ለይስሙላ ነው።

ጋሽ ሸክላ፦

ማሂ ልጄ፣ ስለ ማዴራው አልከራከርሽም። ያየሽው እዚያው አለ።

በሰው በላው ዘፈን ላይ ግን አንድ ነገር ልጨምር። ልጁ «ሰው መብላት ክፉ ነው» ብሎ ያምፃል። አባትየው ደንግጦ ይለምነዋል፣ ይቆጣዋል፣ አያት ቅድመ አያትህ የበሉትን ይለዋል። መጨረሻው ላይ አባትየው «እንዲህማ ከሆነ ሰው አትዋጉ ልትል ነው» ሲለው ሁለቱም በሳቅ ይፈርሳሉ። ዘፈኑ የሚመታው ጦርነትን ነው። ዜማውን የሠራው ስዋን መሆኑን አስቢ።

ስዋን ማን ነው? የተወለደው ዌልስ፣ ላኔሊ ውስጥ ነው። ወላጆቹ የሩሲያን አብዮት ሸሽተው የመጡ ናቸው። አባቱ ሐኪም፣ እናቱ ነርስ። በጦርነቱ ጊዜ ሕሊናዬ መሣሪያ አያስይዘኝም አለና ጦርነትን በሚቃወሙት ክርስቲያኖች፣ በኩዌከሮች፣ የአምቡላንስ ጓድ ውስጥ ግብጽ፣ ፍልስጤምና ግሪክ አገለገለ። የዚሁ ጓድ ሌሎች አባላት ጣሊያን ከወጣ በኋላ አገራችን መጥተው በሕክምና ሠርተዋል። ግሪክ የቀሰመውን ሙዚቃ ይዞ ተመለሰ፣ የግሪኩን «ኮኮራኪ»ም መድረክ ላይ ብቻውን ይዘፍነው ነበር። በሩሲያኛም ይዘፍናል፣ ፍላንደርስ መስመር በመስመር ይተረጉምለታል። በኋላም የዓለም የኑክሌር ክምችት ለእያንዳንዱ ሰው ሲካፈል ሃያ ቶን ቲኤንቲ ይደርሰዋል የሚል ዘፈን አላቸው። ያንን ስትሰሚ የሰው በላው ዘፈን ወዴት እያየ እንደነበር ይገባሻል።

አንዱ ወታደር ነበር፣ አካሉን እዚያው አጣ። ሌላው መሣሪያ አልይዝም ያለ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ጎን ለጎን ተቀምጠው ዘፈኑ። እኔ ይህን ሳስብ ሁልጊዜ ይደንቀኛል።

ናቲ፦

ጋሼ ይህን አላውቅም ነበር። ከ1967 በኋላስ? ተጣሉ?

ባለፒያኖው፦

አልተጣሉም። ኒውዮርክ ላይ የመጨረሻውን ትርኢት በ1967 ካቀረቡ በኋላ ጥንዱን አቆሙ። ስዋን በየማታው ያንኑ መድገም ይብቃኝ ብሎ ሌላ ሙዚቃ መጻፍ ፈልጎ ነበር። በዚያው ዓመት በ«ሎርድ ኦፍ ዘ ሪንግስ» ደራሲ በቶልኪን ግጥሞች ላይ የሠራው የዘፈን ስብስብ ታተመ። አንዱን ግጥም ስዋን ራሱ ባቀደው ዜማ ሊያሰማው ሲል ቶልኪን ሌላ ዜማ አንጎራጎረለት፣ ስዋንም የሽማግሌውን ዜማ ተቀበለ። ፍላንደርስ ከሙዚቃ ደራሲው ጆሴፍ ሆሮቪትዝ ጋር ስለ ኖኅ መርከብ ለልጆች የሚዘፈን ሥራ ጻፈ፣ ዛሬም ትምህርት ቤቶች ይዘፍኑታል። በኤፕሪል 1975 በሃምሳ ሦስት ዓመቱ ድንገት ሞተ። ስዋን እስከ 1994 ኖሯል። የፍላንደርስን ልጅ ምናልባት ታውቋት ይሆናል፣ የቢቢሲ የኢኮኖሚ አርታኢ የነበረችው ስቴፋኒ ፍላንደርስ ናት።

ለጀማሪ የእኔ ቅደም ተከተል ይህ ነው። መጀመሪያ «አናዘር ሃት»ን ከነወሬው፣ ከጋዝ ሠራተኛው እስከ ባቡሩ። ከዚያ የጋሼን ሞኖ። የናቲ እንስሳት ሦስተኛ።

ሄለን ዘለንደን፦

እኔ አውቶቡሱን አስቀድሜ ነው የምለው፣ ስለዚህ የመጀመሪያው ሸክላ ይቅደም። ጋሼ፣ ሸክላ ማጫወቻ የሌለው ሰው ከየት ያግኛቸው?

ጋሽ ሸክላ፦

ኢኤምአይ ሦስቱንም በሲዲ አንድ ላይ ሰብስቦ አውጥቷቸዋል። ያገለገለው በርካሽ ይገኛል፣ ለንደን ካለሽማ የበጎ አድራጎት ሱቆችን እያየሽ እለፊ። ስትገዢ ሦስቱም ዲስክ ሳጥኑ ውስጥ መኖራቸውን ከፍተሽ እዪ። የመጀመሪያው ትርኢት የትኛው ማታ እንደሆነም ጀርባው ላይ አንብቢ። ሞኖውን ካገኘሽ እዚህ ጻፊልኝ።